ጋቢ ለብሼ ያሰለጠንኩበት ቅዳሜ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 2 ቀን 2017

ተሸነፍን። 71 ለ 48።

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ልጄ ሩታ ናት። ባለፈው ሳምንት መጥታ ፊቴን አየችና፣ "ዳድ፣ ጀስት ራይት ኢት ዳውን" አለችኝ። ሆድህ ውስጥ ከምታምቀው ጻፈውና ይውጣልህ ማለቷ ነው። እሷ በእንግሊዝኛ ትመክረኛለች፣ እኔ በአማርኛ እናደዳለሁ፤ እንዲህ ነው የምንግባባው። እሺ፣ ልጻፍ። ለማን እንደምጽፍ ስለማላውቅ ግን ጨርሶ እንደማያውቀኝ ሰው አድርጌ ልንገረው።

ስሜ ወንድማገኘሁ ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በስደት በምንኖርበት ከተማ ዳር፣ ክሬጊበርን በሚባል ሰፈር፣ አንድ መጋዘን ውስጥ የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ፎርክሊፍት፣ እነዳለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የአንድ ኮሌጅ የኢትዮጵያ ተማሪዎችን ቅርጫት ኳስ ቡድን አሰለጥናለሁ። በፈቃደኝነት ነው፣ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ስንጀምር ስድስት ልጆችና አንድ ኳስ ነበርን። ዛሬ ደጋፊው ብቻ ከመቶ ሃምሳ በላይ ነው፤ ግማሹ የልጆቹ ወላጅ፣ ግማሹ ቤተ ክርስቲያን የምንተዋወቀው ሰው። ሁለት ጊዜ ዋንጫ በልተናል። ያ የድሮ ነው። ዘንድሮ ከአምስት ጨዋታ አንዱን አሸንፈናል፤ መጨረሻ የወጣ ቡድን ደግሞ ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን ይወርዳል።

ጽጌ ጠዋት ገንፎ ሠርታልኝ አልነካሁትም። "በሃምሳው ቀን ደግሞ ምን የሚሉት ጾም ነው?" አለችኝ። ጽጌ ባለቤቴ ናት። ጨዋታ ባለበት ቀን ምግብ አይወርድልኝም፣ አዲስ ነገር አይደለም። ድሮ ግን ከጨዋታው በኋላ ይወርድልኝ ነበር።

ሰኞ፣ ግንቦት 4

መኪና ውስጥ ነኝ፣ የመጋዘኑ ፓርኪንግ። ሺፍት ሊጀምር አሥር ደቂቃ ቀርቶታል።

የደጋፊዎቹ ግሩፕ ላይ መክብብ ቮይስ ልኳል። አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። መክብብ የደጋፊ ማኅበሩ ሰብሳቢ ነው፤ ዋይንድሃም ቬል የሚባል ሰፈር አዲስ ቤት ከገባ ወዲህ ድምፁ ጨምሯል። "ማንንም ለመንካት አይደለም" ብሎ ይጀምራል። "ዘመኑ ተለውጧል። አሰልጣኝነት ሳይንስ ሆኗል። እኔ ስም አልጠራም" ብሎ ይጨርሳል። ምን ስም ይጠራል? አሰልጣኙ አንድ ነው።

ከሥሩ ሃያ ሦስት ሰው አውራ ጣት አድርጓል። ቆጠርኩት። ደግሜ ቆጠርኩት።

ግድ የለኝም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

58 ለ 55። በሦስት ነጥብ ተሸነፍን። ጨዋታ አስቁሜ የምመክርበትን ታይም አውት አስቀድሜ ጨርሼ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ይኸው ጻፍኩት፣ ይውጣልኝ።

አልወጣም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ዛሬ ልምምድ ነበረን። እስከዳር በእረፍት ሰዓት ቀረብ አለች። እስከዳር ረዳቴ ናት። ለማስተርስ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ አዲስ አበባ ለሴቶች ክለብ ስትጫወት ኖራለች። ስትናገር ወለሉን እያየች ነው።

"ጋሼ፣ እንደው ቢፈቅዱልኝ... መከላከሉን ከሰው ለሰው ወደ ዞን ብንቀይረው፣ እያንዳንዱ የራሱን ቦታ ቢጠብቅስ? ሌሊሳ ረጅም ነው፣ ቅርጫቱ ሥር ቢቆም ማንም አይገባም።"

ሌሊሳ ነርሲንግ የሚማር፣ በር የሚሞላ ልጅ ነው። "እኔም ይህንኑ ላነሳ ነበር" አልኳት።

ላነሳ አልነበረም። እሷም ታውቃለች መሰለኝ፣ "አውቃለሁ ጋሼ" ብላኝ ሄደች።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

አሸነፍን። 66 ለ 51።

ትርፍ ሰዓት ግባ ብለውኝ ከሥራ ስመጣ ሦስተኛው ሩብ ተጀምሯል። በዞን ይከላከላሉ። በአሥራ ዘጠኝ ነጥብ እንመራለን። እስከዳር አሰላለፍ የምንስልባትን ነጭ ሰሌዳ ልትሰጠኝ ብድግ አለች፣ ተቀበልኳት። በአሥራ አምስት ጨረስን።

ሥራው የተሠራው ረቡዕ ልምምድ ላይ ነው። ቅዳሜ ማን ቆመ፣ ማን ተቀመጠ የሚለው ያን ያህል ለውጥ የለውም። ለጽጌም እንዲህ አልኳት። "እ" አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23

ተሸነፍን። ውጤቱን መጻፍ አልፈልግም።

ሽንት ቤት በሩን ዘግቼ ተቀምጬ ሳለሁ ሁለት ልጆች ገቡ። ድምፃቸውን አውቀዋለሁ፣ ስማቸውን አልጽፍም።

"ደግ ሰውዬ ነው እኮ።"

"ደግነቱን ማን ካደ? ይብቃዎት ብሎ የሚነግረው ሰው ነው የጠፋው።"

"አንተ ንገረዋ።"

"እኔ? ፊቱን እያየሁ? አባቴን ከስደት ካምፕ ጀምሮ ያውቀዋል። ክርስትናዬ ላይ ድንኳን የተከለ ሰው ነው።"

እጃቸውን አድርቀው እስኪወጡ ጠበቅኩ። ድንኳኑን አስታውሰዋለሁ። ነፋስ ነበረ፣ ሦስት ጊዜ ነው የወደቀብን።

ሰኞ፣ ግንቦት 25

የደጋፊዎቹ ግሩፕ ጸጥ ብሏል። ከሐሙስ ጀምሮ ከኔ "እንደምን ዋላችሁ" በስተቀር የተጻፈ ነገር የለም። ሰው ሲረጋጋ ደስ ይላል።

ጽጌ ስልኳን በፊቱ ደፍታ ማስቀመጥ ጀምራለች። ሲንጫጫ ብድግ አድርጋ ታያለች፣ ፈገግ ትላለች፣ መልሳ ትደፋዋለች። ማነው ስላት፣ "የሥራ ግሩፕ ነው፣ የሺፍት ሮስተር" አለችኝ። የምትሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ነው። ሮስተራቸው እንዲህ የሚያስቅ አይመስለኝም ነበር።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7

80 ለ 49።

በመጨረሻው ታይም አውት ያቤጽ፣ ኳስ አቀባያችን፣ ላቡን እየጠረገ "ኮች፣ ምን እናድርግ?" አለኝ። አፌን ከፈትኩ። ምንም አልመጣልኝም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ዞር ብዬ እስከዳርን አየኋት። እሷን ሳይ ሁሉም አዩኝ።

እስከዳር ሰሌዳውን ሳትነካ በጣቷ ብቻ አሳየቻቸው። ተመልሰው ሲገቡ አንድም ልጅ ወደ እኔ አላየም።

ጉልበቴን ያመኛል። ቤት ደርሼ ደረጃውን ስወጣ ሁለት ጊዜ ቆምኩ። የአስኮት ቬል ፍላታችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሩቅ አይደለም።

እሑድ፣ ሰኔ 8

ጻፍኩት።

ከቅዳሴ ስንመለስ ጽጌ ሥራ ገባች፣ እኔ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥኩ። አራት ወረቀት አበላሸሁ። የመጀመሪያው ወቀሳ ሆነብኝ፣ ሁለተኛው ልመና፣ ሦስተኛው የሕይወት ታሪክ። አራተኛው ላይ ሻይ ደፋሁበት። አምስተኛው ይህ ነው፦

"ለኮሌጁ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ቡድንና ለደጋፊ ማኅበሩ። ከዛሬ ጀምሮ ከአሰልጣኝነት በገዛ ፈቃዴ መነሳቴን በአክብሮት እገልጻለሁ። በቦታዬ እስከዳር እንድትተካ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከኔ ትበልጣለች። አክባሪያችሁ።"

"ከኔ ትበልጣለች" የምትለዋን ሰርዤ መልሼ ጻፍኳት። ፈረምኩ፣ ቀኑን ጻፍኩበት። ከዚያ ፍሪጅ ከፍቼ የትናንቱን ሽሮ ሳላሞቅ በላሁት። በቁሜ፣ ድስቱን ጠርጌ።

ለጽጌ አልነገርኳትም። አሥራ አንድ ዓመት ቅዳሜዋን ወስጄባት አሁን ምን ልበላት? አቃተኝ ልበላት? ለመክብብ በእጁ ሰጥቼው ካበቃሁ በኋላ እነግራታለሁ። ደብዳቤው ሰማያዊው ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነው። እስከ ቅዳሜ ስድስት ቀን ነው።

ሰኞ፣ ሰኔ 9

ዝናብ። ከመኪናው እስከ መጋዘኑ በር ጃኬቱ ውኃ ጠጣ። ደብዳቤው እንዳይበላሽ አወጣሁት። ደውሉ ሊደወል ነው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ደብዳቤው ጃኬቱ ውስጥ የለም። ጽጌ አጥባው በረንዳ ላይ ሰቅላዋለች፣ ኪሶቹ ሁሉ ተገልብጠዋል። ወረቀት አይተሻል ወይ ብዬ ልጠይቃት አልቻልኩም።

እሷም ዛሬ ሌላ ሰው ሆናለች። በረንዳ ላይ ቤተ ክርስቲያን ከምናውቃቸው ከእትዬ በለጥሻቸው ጋር በስልክ ስታወራ ደረስኩባት፣ ስታየኝ "እሺ በቃ ነገ" ብላ ዘጋች። ከዚያ እራት ላይ እጄን ያዝ አድርጋ፣ "አንተ እኮ ብዙ ሠርተሃል" አለችኝ።

አንብባዋለች። ሌላ ምን ይሆናል?

ዓርብ፣ ሰኔ 13

ዛሬ የሆነውን ሳልረሳው በደንብ ልጻፈው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በር ተንኳኳ። አቶ አለማየሁ፣ እትዬ በለጥሻቸውና አቶ ወልደአማኑኤል፣ የቤተ ክርስቲያናችን ትልልቅ ሰዎች። ሦስቱም ዘንጠዋል። አቶ አለማየሁ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ የሚኖሩት እዚሁ ሁለት ብሎክ አለፍ ብሎ ነው፣ እዚህ ሰፈር ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ዕቁብተኛ ሲኳረፍ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ክራቫት አድርገዋል። ጽጌ ማን እንደሚመጣ ማንም ሳይነግራት አምስት ብርጭቆ ደርድራ፣ የጾም ኬክ ቆርሳ ጠብቃለች። ነገሩ ያኔ ገባኝ። ደብዳቤዬን አንብባ፣ ደንግጣ፣ እንዳልለቅ እንዲለምኑኝ ሽማግሌ ጠርታብኛለች።

ሻዩ ተጠጣ። የአየሩ ነገር ተነሳ፣ የሁሉም ልጆች ጤና ተጠየቀ። ከዚያ አቶ አለማየሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ ወንድማገኘሁ፣ ሽማግሌ ሆነን ነው የመጣነው።"

"ምን አጠፋሁ አባባ?"

"ምንም። አንተ ለነዚህ ልጆች ያልሆንከው የለም። ዝናብ አላልክ፣ ብርድ አላልክ። እኛ ይህን የምንረሳ ሰዎች አይደለንም።"

ምስጋናው ግማሽ ሰዓት ሄደ። እኔ እንኳን የረሳሁትን አነሱ፤ ሚኒባሱ ጂሎንግ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ልጆቹን ያስገፋሁበትን ጭምር። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ አልደብቅም። ከዚያ አቶ ወልደአማኑኤል፣ "ሰው ግን ይደክማል" አሉ። እትዬ በለጥሻቸው የደም ግፊቴን ጠየቁኝ።

ሁሉም ወለሉን አየ። አቶ አለማየሁ እንደገና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የመጣንበት ነገር ለመናገርም ከብዶናል። አንተም በልብህ ሳታውቀው አትቀርም።"

"አውቄዋለሁ" አልኳቸው።

"ታውቀዋለህ?" ተያዩ። ፊታቸው ሁሉ በራ። "እንግዲያውስ ምን እናስረዝማለን? ሳንዘረዝረው እሺ በለን። አስነግረህ አታሳፍረን።"

"እኔ እኮ በልቤ ሌላ ነገር ወስኜ ነበር አባባ።"

"ተወው። የወሰንከውን ተወው። ለእኛ ስትል እሺ በለን።" ይህን ብለው በዚያ ጉልበታቸው ሊንበረከኩ ከሶፋው መነሳት ጀመሩ። ዘልዬ ያዝኳቸው። ሰባ ስድስት ዓመት ሰው እግሬ ሥር ወድቆ ምን ልላቸው ነው?

"እሺ" አልኩ። "ለእናንተ ስል።"

መረቁኝ። "ሸክምህን ያቅልልህ፣ ቀሪው ዘመንህን የዕረፍት ያድርግልህ" አሉኝ። ነገ ሁላችንም ጨዋታው ላይ እንመጣለን፣ ትንሽ ነገር ይዘን፣ አሉ። ጽጌ እስከ ደረጃው ሸኝታቸው ተመልሳ ግንባሬን ሳመችኝ። "ኮራሁብህ" አለችኝ። ይህን ቃል ከአፏ ከሰማሁ ስንት ዓመቴ ነው።

እኔ ደግሞ የማልፈለግ መስሎኝ ነበር። ቡድኑ እኔን ትቶ አይሆንለትም ማለት ነው። ደስ ብሎኛል። በጣም ደስ ብሎኛል። እራት ግን አልወረደልኝም፣ ሻዩ ሳይሆን አይቀርም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

63 ለ 52 ተሸነፍን። ዋናው ግን እሱ አይደለም።

ጨዋታው ሳይጀመር መክብብ ማይክ ይዞ መሐል ሜዳ ገባ። "ጋሼ ወንድማገኘሁ ለዚህ ቡድን አባት ነበሩ" አለ። ስለ ስድስቱ ልጆችና ስለ አንዷ ኳስ ተናገረ። ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ፣ የሌላው ቡድን ፈረንጆችም ሳይገባቸው አጨበጨቡ። እትዬ በለጥሻቸው ከወረቀት ውስጥ ጋቢ አውጥተው አለበሱኝ። እጅ ፈትል፣ ባለ ሰማያዊ ጥለት። ከአገር ቤት አስመጥተው ነው።

"ይህን ያህል እንደምታከብሩኝ አላውቅም ነበር። እኔም እናንተን አላሳፍርም" አልኩ። እንደገና ጭብጨባ።

ከዚያ ወደ ወንበራችን ሄድኩ። እስከዳር ሰሌዳውን ይዛ ቆማለች፣ ልጆቹ ከበዋታል። "አመሰግናለሁ እስኪ" ብዬ ከእጇ ተቀበልኳትና አምስቱን ጠራሁ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ጸጥታው ደስ አለኝ፣ ትኩረት ነው አልኩ። ጋቢውን አላወለቅኩትም፣ ያ አዳራሽ ክረምት ላይ አጥንት ይሰብራል። እስከ መጨረሻው ድረስ እንደለበስኩት አሰለጠንኩ። እስከዳር ወንበሩ ጫፍ ላይ ሄዳ ተቀመጠች፣ አራቱንም ሩብ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ምናልባት አሟት ይሆናል።

ጽጌ መኪና ውስጥ፣ "ወንዴ፣ ደህና ነህ?" አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21

ተሸነፍን። እስከዳር ፈተና አለብኝ ብላ ቀረች። ሰው ሰላምታ እያሳጠረብኝ ነው።

ሰኞ፣ ሰኔ 30

ትናንት ቤተ ክርስቲያን አቶ አለማየሁን ከሩቅ እጅ ነሳሁ። አዩኝ። አይተውኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ክራቫት ያደርጉ የነበሩ ሰውዬ አንገታቸው ባዶ ነበር፣ የከሱም መሰለኝ።

ምን አደረግኳቸው? እሺ አልኳቸው እንጂ እንቢ አላልኩ። ስላሉኝ ነው የቀረሁት። ሲያሸንፍ የሁሉም ነው፣ ሲሸነፍ የኔ ብቻ? ተናድጄ ፎርክሊፍቱን ከመደርደሪያ አጋጨሁት፣ በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። ሱፐርቫይዘሩ እቤት ሁሉ ደህና ነው ወይ አለኝ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5

በአንድ ነጥብ ተሸነፍን። ሦስት ጨዋታ ቀርቷል። ሦስቱንም ካላሸነፍን እንወርዳለን።

ጠዋት ጽጌ እንቁላል ጠብሳልኝ ነበር፣ የጾም ፍቺ ነው ብላ። አልበላሁም። ሳህኑን አነሳች።

እሑድ፣ ሐምሌ 6

ቀስ ብዬ ልጻፍ።

ቅዳሴው አልቆ ጫማዬን ፍለጋ መደርደሪያው ኋላ አጎንብሻለሁ። ከወዲያ በኩል ሁለት ሴቶች ጫማ እያጠለቁ ያወራሉ።

"አቶ አለማየሁ እኮ ከዚህ ወዲያ ሽምግልና አልሄድም አሉ።"

"ምን ያድርጉ? እቤቱ ድረስ ሄደው ይብቃህ ቢሉት እሺ አላቸው። ለሽማግሌ እሺ ብሎ፣ በነጋታው የስንብት ጋቢውን እንደለበሰ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ጉብ።"

"ምን ዓይነት ድፍረት ነው?"

"ልጅቷስ? ከእጇ ነጥቋት።"

አንድ እግሬን አጥልቄ ሌላውን በእጄ እንደያዝኩ ቀረሁ። ሁሉም ነገር አንድ በአንድ መጣብኝ። "አባት ነበሩ።" "ቀሪው ዘመንህን የዕረፍት።" ጋቢው። ጸጥታው። የእስከዳር እጅ።

ጽጌ መኪና ውስጥ ትጠብቀኛለች። ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

"ጽጌ፣ ሽማግሌዎቹ ያን ቀን ምን ሊሉኝ ነበር የመጡት?"

አየችኝ። "ምን ማለትህ ነው? ልቀቅ ሊሉህ ነዋ። እሺ ብለህ የለ?"

"ቆይ ሊሉኝ መስሎኝ ነው።"

"ማን ቆይ ይልሃል ወንዴ?" አለች። ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች።

ለካ ሌላ ግሩፕ አለ። እኔ የሌለሁበት። ጽጌ ከግንቦት ጀምሮ እዚያ ውስጥ ናት። ሽማግሌ ይሂድ ያለችውም እሷ ናት፤ መክብብ በስብሰባ በድምፅ ይነሳ ሲል፣ ባሌን በእጅ ብልጫ አታወርዱትም፣ በክብር ነው የሚነሳው ብላ። ጋቢውን የመረጠችው እሷ ናት። "ከዚያ ተመልሰህ ስትቀመጥ ሞትኩ" አለችኝ። "ሐሳቡን ቀየረ ብዬ እንዳልጠይቅህ ላሳፍርህ ነው።"

"ደብዳቤዬንስ? አንብበሽው አልነበረም?"

"የምን ደብዳቤ?"

ይህን ደብተር ከመኪናው መሳቢያ አውጥቼ የሰኔ ዘጠኙን ገጽ ገለጥኩ፤ "አወጣሁት" ይላል። የኋላ ሽፋኑ የወረቀት ኪስ አለው። ደብዳቤው እዚያ ነበር፣ ያን ሰኞ ዝናብ ሲመታኝ ራሴ ነኝ የከተትኩት። አንድ ወር ሙሉ ላዩ ላይ ስጽፍበት ከርሜያለሁ። ጽጌ አነበበችው። "ከኔ ትበልጣለች" የሚለው ጋ ስትደርስ አለቀሰች፣ ቀኑን ስታይ ሳቀች። ከዚያ ሁለታችንም ፓርኪንጉ ውስጥ ሳቅን፣ ሰው እያየን፣ አንድ እግሬ ባዶ ነው።

አልፈለጉኝም። ይህን ጽፌ ጠበቅኩ፣ እስኪያመኝ። ትንሽ አመመኝ። ከዚያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ሌላ ስም የለውም፣ እፎይታ ነው።

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

ከሥራ በቀጥታ አቶ አለማየሁ ቤት ሄድኩ። በሩን ከፍተው አትግባ እንዳይሉኝ ጨዋነታቸው ያዛቸው፣ ግባም አላሉኝም። እዚያው በሩ ላይ ደብዳቤውን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

"አባባ፣ ቀኑን ይዩልኝ።"

መነጽራቸውን ፈልገው አነበቡት። መልሰው አነበቡት። "ሰኔ ስምንት" አሉ። "እኛ የመጣነው...?"

"ሰኔ አሥራ ሦስት።"

"ጽፈህ ጨርሰህ ነበር?"

"ጨርሼ ነበር። እንዳልለቅ ልትለምኑኝ የመጣችሁ መስሎኝ ነው እሺ ያልኩት።"

ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። "እኔ ነኛ" አሉ ቀስ ብለው። "ሳንዘረዝረው እሺ በለን ያልኩህ እኔ ነኝ። ላሳፍርህ አልፈለግኩም። በሽምግልና አርባ ዓመት፣ የመጣሁበትን ጉዳይ ሳልናገር ስወጣ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።" ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቀሱ መስሎኝ ደንግጬ ያዝኳቸው። እየሳቁ ነው። እስኪያስላቸው ሳቁ፣ ውኃ አመጣሁላቸው።

"የናቅከኝ መስሎኝ ነበር" አሉኝ ሲረጋጉ።

"እኔ እርስዎን?"

"ይኸው እንግዲህ። ለሦስት ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም።" እንድቀመጥ ሶፋውን አሳዩኝ። ይህን ጊዜ ሁሉንም ነገር በግልጽ፣ አንድ በአንድ ተነጋገርን፤ ማን መቼ ምን እንደሚል ሳይቀር።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

ልጆቹን ቀድሜ ሰብስቤ ደብዳቤውን አነበብኩላቸው። ከዚያ ሌሊሳ መጥቶ አቀፈኝ፣ ልጁ ከብዶኝ ልወድቅ ነበር።

ሰሌዳውን ለእስከዳር ሰጠኋት። "ያን ዕለት ከእጅሽ የወሰድኩት ሳላውቅ ነው። ግንቦት ላይ የወሰድኩት ግን እያወቅኩ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ" አልኳት።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ እርስዎ እያሉ ልገባበት..." ብላ ጀመረች፣ ወለሉን እያየች።

"ቀና ብለሽ ተናገሪ። አሰልጣኝ ነሽ።"

ቀና አለች። "እሺ። እንግዲያው ከወንበሩ ይነሱልኝ፣ ተቀያሪዎቹ ይቀመጡበት" አለችኝ። ልጆቹ ሳቁ፣ እኔም። ተነስቼ ወጣሁ። በዘጠኝ አሸነፉ።

መክብብ አዲሱ ግሩፕ ውስጥ አስገባኝ። "ጋሼ፣ የድሮውን እንዳያነቡ" ብሎ ቮይስ ላከልኝ፣ ስድስት ሰከንድ። አላነበብኩም። ትንሽ ብቻ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

በአምስት አሸነፉ። ጉልበቴ ደረጃው ላይ አላስቆመኝም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 26

አልወረድንም። ውጤቱን እዚህ ልጽፈው ብዬ ነበር፣ ትዝ አላለኝም።

ጋቢዬን ለብሼ ከደጋፊው መሐል ተቀመጥኩ፣ ጽጌ በግራ፣ አቶ አለማየሁ ክራቫታቸውን አድርገው በቀኝ። ሩታም መጣች። በመጀመሪያው ሩብ እስከዳር ያቤጽን ስታስወጣው፣ "ለምን ታስወጣዋለች? ትኩስ ነው እኮ!" ብዬ ጮህኩ። ጽጌ ክርኔን ቆነጠጠችኝ። "ማንንም ለመንካት አይደለም" አልኳት። ከኋላችን የተቀመጠው መክብብ ሳቁን መያዝ አቃተው።

በእረፍት ሰዓት ሩታ ከካንቲኑ ትኩስ ቺፕስ ገዝታ መጣች፣ ትልቁን ካርቶን። አንድ አነሳሁ። ከዚያ አንድ። ጨውና ሆምጣጤ አድርገውበታል። አቶ አለማየሁ ስለ ደርግ ዘመን የእግር ኳስ ዳኛ እያጫወቱኝ፣ እኔ እየበላሁ፣ ካርቶኑ ጭኔ ላይ፣ አዳራሹ እየጮኸ። አንድ ጊዜ ሰው ሁሉ ተነስቶ ቆመ፣ እኔም ጨው ያለበት ጣቴን እየላስኩ ቀና አልኩ። ሰዓቱ ሁለት ደቂቃ ይላል። አራተኛው ሩብ ነው። ሦስተኛው መቼ እንዳለፈ አላውቅም።

ዞር ብዬ፣ "መክብብ፣ ስንት ለስንት ነው?" አልኩት።

ተገርሞ አየኝ። ጽጌም አየችኝ፣ ከዚያ ጭኔ ላይ ያለውን ካርቶን። ባዶ ነበር። መክብብ ነጥቡን ሲነግረኝ እሷ ቦርሳዋን አንስታ ሌላ ልትገዛልኝ ወረደች።